በንቲ ያላሠራው ፍሪሲዮን

ነሐሴ 19 ቀን 1976 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በንቲ ያን ጊዜ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሶ፣ መካኒሳ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ወዳለው ግቢው ሲገባ፣ ከአሮጌዋ ፒክአፑ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ተመለከተ። ጫማዎቹ የእሱ የራሱ ነበሩ፤ እግሮቹ ግን የእሱ አልነበሩም። ቆም ብሎ አስተዋለ። ከእግሮቹ አጠገብ በተነጠፈ ጆንያ ላይ መፍቻዎች በወግ ተደርድረዋል። ሚስቱ ገዲሴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ሲሄድ እንዳየች እናት ፊቷ በርቷል።

«ቀጄላ» አለ በንቲ፣ ድምፁን እንደ ምንም አለስልሶ። «እዚያ ሥር ምን ትሠራለህ?»

«ጨርሻለሁ፣ ኦቦ በንቲ። ይቺን አንዲት ዳዶ ብቻ ላጥብቅ» የሚል መልስ ከሞተሩ በታች መጣ።

ቀጄላ የገዲሴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሰበታ ወዲያ በአንድ ጋራዥ ይሠራ የነበረውን ሥራ አጥቶ፣ ሌላ እስኪያገኝ ድረስ በማለት ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በእኅቱ ቤት፣ ቀድሞ የከብት መኖ ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራል። እጁ ሥራ መፍታት አይወድም፤ የዘመድ አዝማዱ ጭንቀትም ይኸው ነበር። የአጎቱን ራዲዮ ፈትቶ ሲገጥመው ጥቂት ብሎኖች ተረፉት፤ ራዲዮኑም ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤት የተከፈተ ይመስል ከሩቅ ይናገር ጀመር። በበንቲ ሳሎን የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት በጠገነው ማግስት፣ ሰዓቱ ከእውነተኛው ጊዜ አራት እየጨመረ የሚደውል ሆነ፤ የቤቱም ሰው አራት እየቀነሰ መኖርን ተለማመደ። በዘመዶቹ ዘንድ «ቀጄላ ነካው» ማለት «አለቀለት» ማለት ነው። የምትከራከርለት ገዲሴ ብቻ ነበረች፤ «የሚሠራ ሰው ይሳሳታል፤ የማይሳሳት የተኛ ነው» ትላለች፤ ይህን ስትልም ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሰዓቱ ይሄዳል።

ቀጄላ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ግንባሩና አፍንጫው በግራሶ ተለውሰዋል። ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቃሉን ቀስ አድርጎ፣ ለብዙ ዘመን ሲያስቀምጠው የኖረውን ነገር እንደሚያወጣ ሰው ተናገረ። «ፍሪሲዮኑን አስተካከልኩልህ። ፔዳሉ ባዶውን ነበር የሚወርደው፤ እስከ ወለሉ ብትረግጠው ሞተሩን ከማርሹ አይለይም። እንዴት ትነዳት እንደነበር እግዜር ይወቅ። አሁን እግርህን ጣል ብታደርግበት ይታዘዝልሃል። ይቺ እኅቴ እንኳ ልትነዳት ትችላለች። ማንም ሰው ሊነዳት ይችላል።»

«ማንም» አለ በንቲ።

«ማንም፣ ኦቦ በንቲ።»

በንቲ ከአጥሩ ሥር ወደተጋደመው ግንድ ሄዶ ቁጭ አለ። እኅትና ወንድም ተያዩ፤ የደስታ ብዛት ያደከመው መሰላቸው።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ይህ ፍሪሲዮን በራሱ ጊዜ እየላላ መጥቶ የማይታዘዝ በሆነ ጊዜ፣ በንቲ ወደ ጋራዥ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዞ ነበር። በቀጠሮው ዋዜማ ቀበሌው ለዘመቻ መኪና ፈልጎ ሹፌር ሰደደ። ሹፌሩ ጋቢና ገብቶ ማርሽ ለማስገባት ሲታገል፣ የማርሹ ጥርሶች መንገጫገጭ እስከ አቦ ደጀ ሰላም ተሰማ፤ ላቡን ጠርጎ ወረደና «ይቺ መኪና አይደለችም፣ በቅሎ ናት» ብሎ ሄደ። በዚያው ሰሞን ሱቅ ያለው ጎረቤቱ ኑሪ የራሱን ፒክአፕ «ለሳምንት» ተብሎ ለቀበሌው አስረክቦ፣ ከአራት ወር በኋላ ወንበሯ ተነቅሎ፣ ሁለንተናዋ ቀለም ቀለም እየሸተተ ተመለሰችለት፤ እስከ ዛሬም በለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳት። በንቲ ይህን አየና ቀጠሮውን ተወው። አላበላሻትም፤ ተዋት እንጂ። በትዕግሥትም ለብቻው አጠናት። ማርሹን አስቀድሞ አንደኛ ላይ ያስገባል፤ ፔዳሉን በተረከዙ እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ቁልፉን ሲያዞር እየተወራጨች ትነሣለች፤ ተረከዙን ወዲያው ይለቃል፤ ቢለቀውም ባይለቀውም ልዩነት ስለሌለው። መንገድ ላይ ደግሞ ጆሮውን ያቆምና የሞተሩ ትንፋሽ በተፈለገው ልክ ሲሆን ማርሹን ሸርተት ያደርገዋል። በዚህ ዓይነት ከፉሪ ድርቆሽ፣ ከሀና ማርያም ጎመንና ቆስጣ እየጫነ ቤቱን ያስተዳድራል። የአባቱ መሬት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ ያለችው ይህችው መኪና ናት፤ ቁልፏ ደግሞ ያ ብልሹ ፍሪሲዮን ነበር። ይህን ምሥጢር ለገዲሴ እንኳ አልነገራትም። እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ «ሰው እንዴት ለገዛ መኪናው ይሰስታል» እያለች ስትነዘንዘው፣ እሱ ንዝነዛውን እንደ ግብር ቆጥሮ እየከፈለ ኖሯል።

የዛሬ ጠዋቱ ስብሰባ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት የተጠራ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ አባይነህ፣ ንግግር የሚወድና ሲናገር በጣቱ ጠረጴዛ የሚመታ ሰው፣ የአካባቢውን መኪናዎች አንድ በአንድ ካነሣ በኋላ በንቲን ወደተቀመጠበት ዘወር ብሎ እንዲህ አለ፤ «የጓድ በንቲ መኪና ለጓድ በንቲ ጎመን ስትሆን ጤነኛ ናት፤ ለሰፊው ሕዝብ ስትሆን ትታመማለች። ይህ የመኪና በሽታ ነው ወይስ የአመለካከት?» አዳራሹ ሳቀ። በንቲ እንደ ልማዱ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በሳቁ ያልፍ ነበር። ዳሩ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የተደላደለ ሰው አንደበቱ ይፈታል፤ ተነሥቶ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሹፌር አምጡ። ከግቢዬ አስነሥቶ ካወጣት በዓሉ አልፎ እስክትጠግቡ ድረስ የእናንተ ናት» አለ። ጭብጨባ ሆነ። «ስምንት ሰዓት ላይ እንመጣለን» አለ አባይነህ። በንቲ ከአዳራሹ እስከ ግቢው በር ድረስ በልቡ እየሳቀ ነበር የመጣው።

አሁን ግንዱ ላይ ተቀምጦ «ማንም» የምትለዋን ያቺን አንዲት ቃል ያሰላስላል። እውነቱን ለቀጄላ ቢነግረው ነገሩ በአንድ ደቂቃ ይፈታል፤ ዳዶዋን መልሶ ያላላታል። ነገር ግን የሰውየውን ፊት ተመለከተ። ቀጄላ የመኪናዋን መብራት በእጅጌው ይወለውላል፤ ይርቅና ያያታል፤ ይቀርብና ፔዳሉን በእጁ ተጭኖ ይለቀዋል፤ ተመልሶ ሲመጣለት ብቻውን ራሱን ይነቀንቃል። በዕድሜው ከነካቸው ነገሮች ሁሉ በእውነት የተሠራለት ይህ የመጀመሪያው ነው። ገዲሴም ይህን አውቃ ለወንድሟ ክብር ዶሮ አስገዝታለች፤ ጾሙ ከተፈታ ገና መፈታቱ ስለሆነ ዶሮዋ ስድስት ብር ወጥቶባታል፤ እንዲህ ያለ ወጪ ለእንግዳ እንጂ ለቤት ሰው አይወጣም። «አበላሸህብኝ» ብሎ ለዚህ ሰው እንዴት ይነገራል? በንቲ በቤተሰቡ ፊት ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ዝም ማለቱን ሰው እንደ ጨዋነት ይቆጥርለታል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለሚጠፋው ነበር።

በመጨረሻም አንድ ዘዴ መጣለት። «ቀጄላ፣ እጅህ በግራሶ ተለውሷል፤ በዚህ እጅ ዶሮ አይበላም። ኑሪ ሱቅ ሂድና ሳሙና ገዝተህ ና።»

«በመኪናዋ ልሂድ?» አለ ቀጄላ።

«በእግርህ ሂድ። እሷ ትረፍ።»

«ተሠርታ ምን ያደክማታል ብለህ ነው?» አለና እየሳቀ ወጣ። በንቲ የግቢው በር እስኪዘጋ ጠብቆ፣ ኮቱን አውልቆ ግንዱ ላይ አኖረና ከመኪናዋ ሥር ገባ። እዚያም አዲስ ችግር ገጠመው። ይህን ፍሪሲዮን ፈትቶትም አስሮትም አያውቅም። ጠባዩን ከላይ ሆኖ ሲያጠና ኖረ እንጂ ቤቱን ጎብኝቶት አያውቅም። ከፊቱ ዘንጎችና ዳዶዎች፣ ጭቃና ዘይት ተደባልቀው ተንጠልጥለዋል። አንደኛውን በመፍቻ ሞከረው፤ አልነቃነቅ አለ። ሌላውን ሞከረ፤ ጥቁር ዘይት አገጩ ላይ ጠብ አለ። ቀጄላ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሥራውን አሳምሮ፣ ዳዶዋን በሌላ ዳዶ ደርቦ ቆልፏት ነበር። በንቲ በጀርባው ተኝቶ፣ ይህን ጥንቃቄ ለሰዓቱ ቢያደርገው ኖሮ ምን ነበረበት እያለ ሲብሰለሰል፣ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማ።

«ጓድ በንቲ» አለ የአባይነህ ድምፅ ከእግሩ በኩል። «ሩብ ሰዓት ቀድመን መጣን። መኪናዋን ልትሰናበታት ገብተህ ነው?»

በንቲ ተንፏቆ ወጣ። ከሊቀመንበሩ ጋር ሞልቱ የሚባለው ሹፌር ቆሟል። ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ይህችን ፒክአፕ እንደ ሕፃን ብስክሌት በንቀት የሚያይ ሰው ነው። ከኋላቸውም በስብሰባው ላይ ያጨበጨቡ ሦስት አራት ጎረቤቶች ውርርዱን ለማየት ተከትለዋል። ፒክአፗ በድርቆሹ ክምርና በአጥሩ መካከል ተወሽቃ ስለነበር አባይነህ እንዲህ ሲል አዘዘ፤ «አንተው ከጥጉ አውጣልን፤ ሞልቱ ከዚያ ይረከብሃል።»

በንቲ ጋቢና ገብቶ ተቀመጠ። ሐሳቡ አውቆ መሳት ነበር። ነገር ግን አውቆ መሳት የሚቻለው ትክክለኛውን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በዓለም ላይ የሚያውቀው አነዳድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። ማርሹን አንደኛ ላይ አስገባ፤ ተረከዙን እስከ ወለሉ ጣለ፤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናዋ ግን እንደ ወትሮዋ አልተወራጨችም፤ ጸጥ ብላ ቆመች። ገረመው። ትንሽ ነዳጅ ጨመረላት፤ አሁንም ቆማለች። ሌላ ጨመረና፣ እንደ ሦስት ዓመት ልማዱ፣ ተረከዙን ባንዴ ለቀቀ። ፒክአፗ ከጋጣ እንደተፈታ ጥጃ ዘለለች፤ በድርቆሹ ክምር ውስጥ እስከ መስተዋቷ ተሰነቀረችና ጠፋች። ከክምሩ ላይ አንዲት ዶሮ ጮኻ በረረች፤ ግማሹ ድርቆሽ በጋቢናው ላይ ተንዶ በንቲን ከዓይን ሰወረው።

ሞልቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይቺ እንኳን ከግቢ ከክምሩም አትወጣ» አለ።

አባይነህ በትዝብት ራሱን ነቀነቀ። «እውነትም ታማለች። ጠዋት በአደባባይ የተናገርኩትን እመልሳለሁ። በሽታው የመኪና ነው።»

በድርቆሹ መካከል የተቀመጠው በንቲ ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። እግዚአብሔር የገዛ እግሩን ጠበቃ አድርጎ እንዳቆመለት ተረዳ። ጸሎቱን ሳይጨርስ ግን ቀጄላ ሳሙናውን ይዞ በበሩ ገባ። የመኪናዋን ሁኔታ አየ፤ የተሰበሰበውንም ሰው አየ፤ ሳቁንም ሰማ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማነው ታማለች ያለው?» አለ። «እኔ ነኝ የሠራኋት፣ ዛሬ ጠዋት፤ በዚህ እጄ። እግሩ ነው ያልለመደው እንጂ ፍሪሲዮኑ እንደ አዲስ ነው። አሁን ኑሪ ሱቅም ይህንኑ ስነግራቸው ነበር።»

«ተሠርታለች?» አለ አባይነህ፤ ጣቱም ጠረጴዛ ፈልጎ አጣ። «ጓድ በንቲ፣ ተሠርታለች ወይ?»

በንቲ ከጋቢናው ወርዶ፣ ድርቆሽ በጸጉሩ እንደተሰካ ቆመ። «አዎ» ቢል መኪናዋ ሄደች፤ ጎመኑም፣ ድርቆሹም፣ የዓመቱ ቀለብም አብረው ሄዱ። «አልተሠራችም» ቢል፣ የሚስቱ ወንድም በሕዝብ ፊት ዋሾና አጥፊ ይሆናል፤ ያውም በሕይወቱ አንድ ጊዜ በሠራበት ቀን። ገዲሴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዛ ባሏን ታየው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች። የዚህን ሰው ዝምታ ዓይነቶች እያንዳንዳቸውን ታውቃለች፤ ይህን ግን አይታው አታውቅም። ባሏን አየች፤ ሹፌሩን አየች፤ መኪናዋንም አየች። የሦስት ዓመት ንዝነዛዋ ሁሉ ባንድነት መልስ ሲያገኝ በፊቷ ላይ ታየ።

በዚህ መካከል ሳሎን ያለው ሰዓት መደወል ጀመረ። በእርጋታ፣ አንዱን ከሌላው እየለየ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለ። አባይነህ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ወደ ጆሮውም አስጠጋው። «ስንት ሰዓት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ስምንት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ገዲሴ። «ሰዓቱን የጠገነው ይኸው ወንድሜ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቀጄላ እኅቱን አያት፤ ሰው ሁሉ ሲስቅበት የማትስቀውን አንዲቷን ሴት። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ ቢሆንም ያለችውን አልመለሰችም። ከእሷ ወደ በንቲ ዞረ። በንቲ መሬት መሬት ያያል፤ አገጩ ላይ የዘይት ጠብታ አለ። ቀጄላ ያን ጠብታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ መካኒክ ነውና ከየትኛው ዳዶ ሥር እንደሚንጠባጠብ ያውቃል። ሰውየው ከመኪናዋ ሥር ምን ይፈልግ እንደነበር በዚያ ገባው። ሳሙናውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እውነቷን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የነካሁት ነገር ተሠርቶ አያውቅም። ይቺንም ከነበረችው አብሼባታለሁ። ይኸው አያችኋት።» ከዚያም ወደ ሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ቀረብ አለ። «አሁን ደህና መስላ ልትነሣ ትችላለች፤ ክፋቷም እሱ ነው። መቼ እንደምትቆም አይታወቅም። እንግዲህ በበዓሉ ቀን የመሪዎቹን ሥዕል ተሸክማ አደባባይ መካከል ቀጥ ብትል፣ እንግዶቹ እያዩ፣ የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው ወይስ የመረጣት?»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። መጀመሪያ የገባው ለሞልቱ ነው፤ ከመኪናዋ ወደ ኋላ ሸሸት አለና «እኔ እጄንም አላሳርፍባት» አለ። አባይነህ አደባባዩን፣ የቆመችውን ፒክአፕ፣ የሥዕሎቹን ዓይን በሐሳቡ ሳይመለከት አልቀረም፤ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ጓድ በንቲ» አለ በመጨረሻ፣ በሐዘኔታ፣ «አብዮቱ ከአቅም በላይ አይጠይቅም። ዘመድም አንዳንድ ጊዜ…» ቃሉን ሳይጨርስ የበንቲን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ተከታዮቹን ይዞ ወጣ። ከበሩ ውጭ የሞልቱ ሳቅ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ፤ እሱም ራቀ።

ምሳ ቀረበ። ሦስቱም በመሶቡ ዙሪያ ተቀመጡ። ገዲሴ ወጡን አወጣች፤ እንደ ወጉ ፈረሰኛውን በባሏ ፊት አኖረች። በንቲ ፈረሰኛውን ለአፍታ አየው፤ ከዚያም አንሥቶ በቀጄላ ፊት አስቀመጠው። በዚያ ቤት ፈረሰኛ ከአባወራው ፊት ተነሥቶ አያውቅም። ቀጄላ ሊመልስ እጁን ዘረጋ፤ በንቲ እጁን ያዘው። ቀጄላም በላ። አጥንቱን ከጋጠ በኋላ «ኦቦ በንቲ» አለ፣ «ዳዶዋን ልመልስልህ?»

«መልሳት።»

«እንደ ነበረች?»

«ልክ እንደ ነበረች።»

ከሰዓት በኋላ ድርቆሹን አንሥተው መኪናዋን አወጧት፤ ቀጄላም ከሥሯ ገባ። ማበላሸቱ ከማስተካከሉ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደበት። ትንሽ ያላላል፤ በንቲ ጋቢና ገብቶ በተረከዙ ይረግጣል፤ «ገና ናት፣ ትንሽ ትታዘዛለች» ይላል፤ ቀጄላ ደግሞ ያላላል። በመጨረሻ ቁልፉ ሲዞር ፒክአፗ በጥንት ጠባይዋ ተወራጨች። በንቲ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ተባረክ፤ እሷው ናት» አለ። ገዲሴ ሰምታ ከማድ ቤት ወጣች፤ ወንድሟ አንድ ዕቃ ነክቶ ባለቤቱ ሲመርቀው ያየችው ያን ዕለት ነው።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ኑሪ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ግንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ ስኳር መጥፋት አወራ፤ የገዲሴን ጤና ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ቀጄላ ጠጋ ብሎ፣ አጥሩን ገልመጥ አድርጎ፣ «የወንድም ጋሼ በንቲን መኪና ያበላሸኸው አንተ ነህ አሉ» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ቀጄላ፤ ለስድቡ ራሱን አዘጋጅቶ።

«የእኔንም ነገ በጠዋት መጥተህ ብታይልኝ። ሰኞ ሊወስዷት ይመጣሉ።»

«ምኗን ነው ያመማት?»

«ምንም አላመማትም» አለ ኑሪ በትካዜ። «ጭንቄ እሱ ነው እንጂ።»

ቀጄላ ወደ ጆንያው ሄደና መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በአዲሱ ሳሙና ማጠብ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ክረምት አልፏል። በዚያን ጊዜ በመካኒሳ የነበራችሁ ሰዎች፣ ቀኑን ወይም የሹፌሩን ስም ስቼ ከሆነ አርሙኝ። ሰዓቱ የሚጨምረውንም አራት ነው ብያለሁ፤ አምስት ከሆነ የሰማችሁ ንገሩኝ።